ከሰልፍ ሜዳ ወደ ጽሕፈት ቤት



በውትድርና ያገለገለ ሰው የመሥሪያ ቤት ሹም ሆኖ ሲመጣ ሠራተኛው አስቀድሞ የሚጠብቀው ቁጣን ነው። ሹሙም አንዳንድ ጊዜ ይኸንኑ ስለሚያውቅ ገና ከደጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይገባል። ከጦር ሰፈር ይዞት የመጣው ይህን ብቻ ከሆነ ግን፣ ከዚያ ሁሉ ዕቃ መካከል ርካሹን መርጦ መጥቷል ማለት ነው። እኔ ዛሬ የማወሳላችሁ ብዙ ጊዜ በሰፈሩ ተረስቶ የሚቀረውን ውድ ዕቃ ነው፤ ለዚህም ሁላችሁ የምታውቁትን የሻምበል አበበ ቢቂላንና የአሠልጣኙን የሻለቃ ኦኒ ኒስካነንን ሥራ ምሳሌ አደርጋለሁ።

ሻለቃ ኒስካነን በፊንላንድ የተወለዱ ስዊድናዊ ሲሆኑ፣ ፊንላንድ በ1932 ዓ.ም. ከሶቪየት ኅብረት ጋር ባደረገችው የክረምት ጦርነት በፈቃዳቸው የተሰለፉ ሰው ነበሩ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ወደ አገራችን መጥተው ከሌላው ሥራቸው ጋር የክቡር ዘበኛን ስፖርተኞች አሠለጠኑ። አበበም የዚያው ክፍል ወታደር ነበር። አሠልጣኙም ሠልጣኙም ወታደሮች ነበሩና ነገሩ ሁሉ በትእዛዝ የሄደ ይመስላል። ነገር ግን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በትእዛዝ አይሮጥም፤ ሯጩ አንድ ጊዜ ከተነሣ በኋላ አለቃው ከአጠገቡ የለም።

በሮም ከውድድሩ በፊት ሁለቱ መንገዱን አብረው አዩት። አዛዥ ከውጊያ በፊት ምድሩን እንደሚያጠና ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የአክሱም ሐውልት ገና በሮም ቆሞ ነበር፤ (ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. በአክሱም መተከሉን ታስታውሳላችሁ፤) ከሐውልቱ እስከ ፍጻሜው ያለው መንገድ አጭር መሆኑን አይተው አበበ ተወዳዳሪዎቹን ጥሎ የሚሄደው ከዚያ እንዲሆን ተስማሙ። ሻለቃው ደግሞ የሞሮኮውን ሯጭ ራዲ ቤን አብደሰላምን በ26 ቁጥር እንዲለየው ለአበበ ነገሩት።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሩጫው ሲጀመር ግን ራዲ የለበሰው ቁጥር 185 ነበር። አበበ 26 ቁጥርን በዓይኑ እየፈለገ፣ ከዚያው ከሚፈልገው ሰው ጎን ለጎን ብዙ መንገድ ሮጠ። እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። የአለቃው ወሬ ስሕተት ሆኖ ተገኘ፤ የሚጠየቅ ሰው በአካባቢው የለም። በልቡ የያዘው ቁጥሩን ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ባከተመ ነበር። እርሱ ግን የሥራውን ዓላማና ቦታውን ያውቅ ነበርና በተስማሙበት ስፍራ ተፈተለከ፤ በባዶ እግሩም በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ገብቶ ራዲን በ25 ሴኮንድ ያህል ቀደመው።

በብዙ አገሮች ሠራዊት የዘመቻ ትእዛዝ አምስት ክፍል አለው፤ ይኸውም ሁኔታው፣ ግዳጁ፣ አፈጻጸሙ፣ ስንቅና ትጥቁ፣ በመጨረሻም አዛዥነቱና መገናኛው ነው። ይህ ሁሉ የሚነገረው የበታቹ ብቻውን በሚቀርበት ሰዓት መወሰን እንዲችል ነው። ይህን በደብዳቤ ኅዳግ ላይ «ባስቸኳይ ተፈጽሞ ይቅረብ» ተብሎ ከሚጻፈው ጋር እስቲ አስተያዩት። ምን ይፈጸም? ለምን? በየትኛው ገንዘብ? ጸሐፊው ለመጠየቅ ይፈራል፤ ቢጠይቅም እንደ እምቢተኛ ይቆጠራል። በእኔ አስተያየት ከሁለቱ ይበልጥ «ወታደራዊ» መስሎ የሚታየው ይህ የኅዳግ ጽሑፍ ሲሆን፣ ከወታደር ሥራ የራቀውም እርሱ ነው።

በእርግጥ ከሠራዊት ወደ ጽሕፈት ቤት የማይሻገር ነገር አለ። ወታደር ቃለ መሐላ የፈጸመና በጦር ሕግ የሚገዛ ነው፤ ሲቪሉ ግን ቢከፋው ማመልከቻ ጽፎ ይሄዳል፤ ካልሄደም ከሁሉ የከፋውን ያደርጋል፤ ዝም ይላል። መዝገብ የጠፋበት ሠራተኛ የሹሙን ቁጣ ፈርቶ ለሦስት ቀን ነገሩን ከሸሸገ፣ በዚያ ሦስት ቀን የሚጎዳው ከገጠር መጥቶ በየሰው ቤት እያደረ ደጅ የሚጠናው ባለጉዳይ ነው። ሰልፍ ሜዳ ላይ ጩኸት ጥቅም አለው፤ ሰውየው ሩቅ ነውና። በአንድ ጠረጴዛ ርቀት ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ምን ያደርግለታል?

አበበ በጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት 40 ቀን እንኳ ሳይሞላው በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ዳግመኛ አሸነፈ። በሰፊው የሚነገረው ይህ ነው። እኔ ግን ስለ አመራር ሲነሣ የሜክሲኮው ይበልጥብኛል።

ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበ እግሩን ታሞ ነበርና 17 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ሮጠ አቋርጦ ወጣ። ከዚያው ከክቡር ዘበኛ የወጣው ማሞ ወልዴ ግን ሩጫውን ቀጥሎ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሴኮንድ የወርቁን ሜዳይ ለአገሩ አመጣ። ቅድም የጠራሁት አምስተኛው ክፍል፣ አዛዥነት የተባለው፣ አዛዡ ቢወድቅ ማን እንደሚተካው አስቀድሞ ይናገራል። እናንተም ነገ ጧት ከሥራ ስትገቡ አንድ ነገር ጠይቁልኝ፤ የመዝገብ ቤቱን ቁልፍ የያዘው ሰው ታሞ ቢቀር፣ ሁለተኛው ቁልፍ በማን እጅ ነው?