ካልሲየምን የሚያበዛ የሳንባ ካንሰርና የቀዶ ሕክምናው ድርሻ



የደም ካልሲየም በጠባብ ወሰን ተጠብቆ የሚኖር ነው፤ በጤነኛ ሰው መጠኑ በ100 ሚሊ ሊትር ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊ ግራም ገደማ ይሆናል። ጠባቂዎቹ በአንገት ውስጥ ከታይሮይድ ጀርባ የሚገኙት ጥቃቅን የፓራታይሮይድ ዕጢዎች ናቸው። ካልሲየሙ ሲጎድል ሆርሞን ያመነጫሉ፤ ሲበዛ ይገታሉ። የውሃ ጋን ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋውን ተንሳፋፊ ለሚያውቅ መሐንዲስ አሠራሩ እንግዳ አይደለም።

አንዳንድ የሳንባ ካንሰር፥ በተለይም ስኳመስ የተባለው ዓይነት፥ ይህን ሥርዓት ያፈርሳል። (በአገራችን ሳንባ ነቀርሳ ከሚባለው ከቲቢ ጋር መምታታት የለበትም።) ካልሲየሙ ሲበዛ ጥማት፥ የሽንት መብዛት፥ የሆድ ድርቀትና ድካም፥ ብሎም የአእምሮ መደናገር ይከተላል። የቀድሞው ማብራሪያ ካንሰሩ ወደ አጥንት ተዛምቶ አጥንቱን ስለሚያፈርስ ነው የሚል ነበር። ሁልጊዜ እንዲህ ከሆነ ደግሞ ለታማሚው ቀዶ ሕክምና የሚያስገኘው ፈውስ አይኖርም።

በ1941 (እ.ኤ.አ.) በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ፉለር ኦልብራይት በአንድ የኩላሊት ካንሰር ታማሚ ጉዳይ ላይ ሲወያይ ሌላ መንገድ አመለከተ። አጥንት ካልሲየምን ከፎስፌት ጋር አዋሕዶ ይይዛል። መንስኤው የአጥንት መፍረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፎስፌቱም አብሮ በጨመረ ነበር፤ የተገኘው ግን ዝቅ ብሎ ነው። ፎስፌትን በሽንት የሚያስወጣው የፓራታይሮይድ ሆርሞን ስለሆነ፥ ዕባጩ ራሱ ይህን የመሰለ ነገር ያመነጭ ይሆናል ሲል ገመተ። ገቢንና ወጪን ከማመዛዘን የተገኘ ያማረ አስተሳሰብ ነው። ማረጋገጫው ግን 46 ዓመት ፈጀ፤ በ1987 በሜልቦርን ጆን ማርቲንና ባልደረቦቹ ንጥረ ነገሩን በላቦራቶሪ ከሚራቡ የሳንባ ካንሰር ሕዋሳት ለይተው አወጡት። ከመጀመሪያዎቹ 13 አሚኖ አሲዶች 8ቱ ከእውነተኛው ሆርሞን ጋር አንድ ናቸው፤ ስለዚህ በአጥንትና በኩላሊት ያንኑ ተቀባይ ይቀሰቅሳል። ተንሳፋፊው ግን አያዘውም።

ለካንሰር ሲባል አንድን ሳንባ በሙሉ ማውጣት በ1933 በሴንት ሉዊስ በኤቫርትስ ግሬም እጅ ተሳክቷል፤ ታማሚውም ከዚያ በኋላ 30 ዓመት ያህል ኖሯል። አጫሽ የነበረው ግሬም ራሱ ግን በ1957 በሳንባ ካንሰር ሞተ።

እውነቱን ለመናገር፥ ካልሲየሙ በጨመረበት ጊዜ በሽታው በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ ተስፋፍቷል፤ ለእነዚህ ቢላዋ አይጠቅምም። ሆኖም የካልሲየም መብዛት ብቻውን የመዛመት ማስረጃ ተደርጎ መቆጠር የለበትም። አጥንቱና ሌላው አካል ተመርምሮ ዕባጩ በሳንባው ብቻ ከተወሰነ፥ ታማሚው ከቀዶ ሕክምና መከልከል አይገባውም። አስቀድሞ ግን ካልሲየሙ መውረድ አለበት፤ መብዛቱ የልብን ምት ያዛባል፥ ኩላሊትንም ይጎዳል። የጨው ውሃ በደም ሥር ይሰጣል፤ ካልሲቶኒን በሰዓታት፥ ዞሌድሮኒክ አሲድ በቀናት ውስጥ ይሠራሉ።

ምንጩ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ መጠኑ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወርዳል። ተገትተው የቆዩት ዕጢዎች እስኪነቁ ድረስም ከልክ በታች እንዳይወርድ ደሙ በየጊዜው ይለካል። ከወራት በኋላ ካልሲየሙ እንደገና ቢጨምር፥ ሐኪሙ በቅድሚያ የሚጠረጥረው የካንሰሩን መመለስ ነው።