የግመሎች መተላለፊያ፦ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በምክር ቤት ጥያቄ ፊት



ታኅሣሥ 6 ቀን 1928 ዓ.ም. በለንደን የታተመው «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ ለርዕሰ አንቀጹ «የግመሎች መተላለፊያ» የሚል ስም ሰጠው። ርዕሱ ቀልድ ይምሰል እንጂ ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የእንግሊዝና የፈረንሳይ መንግሥታት የኢጣልያንና የኢትዮጵያን ጦርነት ለማስቆም በምስጢር ባሰናዱት ዕቅድ፣ ኢትዮጵያ ከግዛቷ ብዙውን ለኢጣልያ ስትለቅ በምትኩ የአሰብን ወደብና ወደዚያ የሚያደርስ ቀጭን መሬት እንድታገኝ ታስቦ ነበር። በዚህ መሬት ላይ ግን የምድር ባቡር ሐዲድ እንዳትዘረጋ የሚከለክል ሁኔታ ተያይዞ ተገኘ። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዘው የፈረንሳይ ኩባንያ ሐዲድ ተወዳዳሪ እንዳይነሣበት መሆኑ ነው። ሐዲድ የሌለው ወደብ በዚያ በረሓ ምን ያህል ጭነት ሊያስተናግድ እንደሚችል ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ጋዜጠኛውም የተረፈውን ማጓጓዣ ቈጥሮ ግመል ላይ ደረሰ።

ይህች የቴክኒክ ዝርዝር የአንድን ታላቅ መንግሥት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ከሥልጣን ለማውረድ ከረዱት ነገሮች አንዷ ሆነች። የዛሬው ንግግር አንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር በሕዝብ እንደራሴዎች ፊት ቆሞ ሲጠየቅ ምን እንደሚደርስ፣ መልሱስ ምን ያህል ክብደት እንደሚሸከም ለመመርመር ይሞክራል። ምሳሌው የለንደን ምክር ቤት ይሁን እንጂ፣ በዚያ አዳራሽ የሚመዘነው ዕድል የኢትዮጵያ ዕድል ነበር።

በመጀመሪያ የአሠራሩ ሥርዓት ይታይ። እንደራሴው ጥያቄውን በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለምክር ቤቱ ጸሐፊዎች አስቀድሞ ያስረክባል፤ ጥያቄው በዕለቱ የሥራ ዝርዝር ላይ በቍጥር ይታተማል። በዚህ መካከል የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሹማምንት መልሱን ይነድፋሉ፤ ሊከተል ይችላል ብለው የሚጠረጥሩትንም ሁሉ እየገመቱ ለሚኒስትራቸው በማስታወሻ ያቀርባሉ። በአዳራሹ እንደራሴው ተነሥቶ የጥያቄውን ቍጥር ብቻ ይጠራል፤ ሚኒስትሩም የተጻፈውን ያነባሉ። እስከዚህ ድረስ ያለው ሥነ ሥርዓት ነው። ፈተናው የሚጀምረው አፈ ጉባኤው ተጨማሪ ጥያቄ ሲፈቅዱ ነው፤ ይህኛው ጥያቄ በጽሑፍ አልቀረበም፣ መልሱም አልተነደፈም። ድልድይ በሥዕል ላይ ሲታይ ሁሉም ይቆማል፤ ከባድ ተሽከርካሪ ሲያልፍበት ግን የትኛው ምሰሶ እንደ ሳሳ ይታወቃል።

የሚገርመው፣ በእንግሊዝ ፓርላማ መዝገብ የመጀመሪያው ነው የሚባለው ጥያቄ ራሱ ወደ ባሕር ማዶ የሚያመለክት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1721 ኧርል ካውፐር የተባሉ መኰንን በሎርዶች ምክር ቤት ተነሥተው፣ የሳውዝ ሲ ኩባንያ ገንዘብ ያዥ አገር ጥሎ ከኰበለለ በኋላ በብራስልስ ተያዘ የሚባለው እውነት እንደ ሆነ መንግሥትን ጠየቁ። ከዚያ ወዲህ ስለ ውጭ አገር ነገር የሚቀርበው ጥያቄ ሁልጊዜ የተለየ ጠባይ አለው። የእርሻ ሚኒስትር ስለ ስንዴ ዋጋ ሲመልስ የሚሰማው የአገሩ ገበሬ ነው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲመልስ ግን ቃሉ በዚያው ምሽት በሮም፣ በፓሪስና በአዲስ አበባ ይነበባል። ስለዚህ «ነገሩ በድርድር ላይ ስለ ሆነ አሁን መናገር ለሕዝብ ጥቅም አይበጅም» የሚለው መልስ ለሚኒስትሮች ትልቅ መጠለያ ነው። አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ መጠለያ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ባዶነትን የሚሸፍን መጋረጃ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው።

ሰር ሳሙኤል ሆር የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የሆኑት በግንቦት መጨረሻ 1927 ዓ.ም. ነው። የወልወል ግጭት ከደረሰ ስድስት ወር አልፎታል፤ የኢጣልያ ጦር በስዊዝ ቦይ በኩል ወደ ኤርትራና ወደ ሶማልያ ይጎርፋል። በሐምሌ ወር ለምክር ቤቱ የተገለጸው ፖሊሲ ለኢጣልያም ለኢትዮጵያም የጦር መሣሪያ መላኪያ ፈቃድ አይሰጥም የሚል ነበር። በቃል ደረጃ ይህ ፍጹም ሚዛናዊ ነው። ነገር ግን አንዱ ወገን ፊያትና አንሳልዶ፣ ካፕሮኒም አሉት፤ ታንኩን፣ አውሮፕላኑንና መድፉን በገዛ ፋብሪካው ይሠራል። ሌላው ወገን ዘመናዊ መሣሪያውን ከባሕር ማዶ ያስመጣል። እኩል ክልከላ እኩል ባልሆኑ ሁለት ወገኖች ላይ ሲጫን ውጤቱ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ዲፕሎማት መሆን አያሻም። ክልከላው በኢትዮጵያ በኩል የተነሣው በጥቅምት፣ ወረራው ከተጀመረ በኋላ ነው።

ጳጉሜን 6 ቀን 1927 ዓ.ም. ሆር በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ተነሥተው፣ አገራቸው ያለ ምክንያት የሚደረግን ወረራ ሁሉ ከሌሎች ጋር ሆና በጽናት እንደምትቋቋም ተናገሩ። ንግግሩ በመላው ዓለም ተደነቀ፤ በአዲስ አበባም ተስፋ አሳደረ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ፤ ማኅበሩም በቀናት ውስጥ ኢጣልያን ወራሪ ብሎ ፈረደ። ኅዳር 4 ቀን በእንግሊዝ አገር ምርጫ ተደረገ፤ የጠቅላይ ሚኒስትር ቦልድዊን መንግሥት ለመንግሥታት ማኅበር ታማኝ ነኝ ብሎ ቀርቦ በብዙ ድምፅ አሸነፈ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 8 ቀን፣ የኢኮኖሚው ማዕቀብ ሥራ ላይ ዋለ።

የማዕቀቡን ዝርዝር መሐንዲስ ቢያነበው የሚታየው ሌላ ነው። ወደ ኢጣልያ እንዳይላኩ ከተከለከሉት ዕቃዎች መካከል አሉሚኒየም ይገኛል፤ ኢጣልያ ግን አሉሚኒየምን ከራሷ ፍላጎት አትርፋ ታመርት ነበር። የብረት ማዕድንና ቍርጥራጭ ብረት ተከለከለ፤ ከማዕድኑ ቀልጦ የወጣው ጥሬ ብረትና የተዘጋጀው አረብ ብረት ግን አልተከለከለም። ጎማ፣ ቆርቆሮና ኒኬል ተከለከሉ። ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመልም በዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል፤ ግመል በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ጊዜ መታየቱ ልብ ይሏል። ያልተከለከለው ነዳጅ ዘይት ነው። በተራራው ላይ የሚወጣው የጭነት መኪናም ሆነ ቦምብ የሚጥለው አውሮፕላን የሚንቀሳቀሰው ኢጣልያ ከራሷ ምድር በማታወጣው ነዳጅ ነበር። የካናዳው ልዑክ ነዳጅ፣ ድንጋይ ከሰልና ብረት እንዲጨመሩ በጥቅምት በጄኔቭ ሐሳብ አቀረቡ፤ ከአንድ ወር በኋላ የገዛ መንግሥታቸው ሐሳቡ የእርሳቸው የግል ነው ብሎ ተወው። ጉዳዩን ለመመርመር የተያዘውም ስብሰባ ወደ ታኅሣሥ ተገፋ።

በለንደን ምክር ቤትም የሚነሡት ጥያቄዎች በሁለት ነገሮች ዙሪያ ይመላለሱ ነበር፤ ነዳጁ የሚዘጋው መቼ ነው? የስዊዝ ቦይስ ለምን አይዘጋም? ለሁለተኛው ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1888 በቁስጥንጥንያ የተፈረመው ውል ቦዩ በሰላምም በጦርነትም ጊዜ ለሁሉም መርከብ ክፍት እንዲሆን ያዝዛል። መልሱ በቃሉ እውነት ነው፤ ኢጣልያ የፈረመችው ሌላው ውል ሁሉ ሲፈርስ ይህ አንዱ ብቻ በጥንቃቄ መጠበቁ ግን ለብዙዎች እንቆቅልሽ ነበር። ለመጀመሪያው ጥያቄ የተሰጠው መልስ «ከሌሎች መንግሥታት ጋር እየተመካከርን ነው» የሚል ነው። ይህም እውነት ነበር፤ ምክክሩ ወዴት እንደሚያመራ ግን አልተነገረም።

ኅዳር 25 ቀን ሆር በምክር ቤቱ ተነሥተው ከፈረንሳይ ጋር ሰላም ለመፈለግ እየሠሩ መሆናቸውን ገለጹ። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ወደ ስዊዘርላንድ ለዕረፍት ሲሄዱ በፓሪስ አረፉ፤ ከጠቅላይ ሚኒስትር ፒየር ላቫልም ጋር ዕቅዱን ጨረሱ። የትግራይ ምሥራቅና ሌሎች የጠረፍ አገሮች ለኢጣልያ ይለቀቁ፤ በደቡብ ያለው ሰፊ ምድር በስም የኢትዮጵያ ሆኖ የኢጣልያ የኢኮኖሚ ክልል ይሁን፤ ለኢትዮጵያ ደግሞ ያ መተላለፊያ። ጥቂት ቀናት ሳይሞላ የፓሪስ ጋዜጦች ዕቅዱን አወጡት። ዋናው ተጠያቂ ስዊዘርላንድ ናቸው፤ ኅዳር 30 ቀን በምክር ቤቱ ፊት የቆሙት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ናቸው። ቦልድዊን ከንፈራቸው ገና እንዳልተፈታ፣ ነገሩ ሁሉ ቢገለጽ ግን ማንም በመንግሥት ላይ ድምፅ እንደማይሰጥ ተናገሩ። ይህ ከላይ የተጠቀሰው መጠለያ ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ጣሪያው አፈሰሰ። ሕዝቡ ዕቅዱን በጋዜጣ አንብቦታል፤ ሚኒስትሩ የሚደብቁትን ሰሚው አስቀድሞ ሲያውቀው ዝምታ ክብደቷን ታጣለች።

ደብዳቤ ለእንደራሴዎቹ ይዘንብ ጀመር። በዚያው ዓመት ከ11 ሚሊዮን በላይ እንግሊዛውያን በአንድ የሕዝብ መጠይቅ ስለ መንግሥታት ማኅበርና ስለ ማዕቀብ አስተያየታቸውን ሰጥተው ነበርና የተቈጡት ጥቂቶች አልነበሩም። ከመንግሥት ወገን የሆኑት እንደራሴዎች ሳይቀሩ አጉረመረሙ። የካርታው ዝርዝር ለብዙ ሰው ሩቅ ነው፤ ማን ትግራይን ከኦጋዴን ይለያል? ሐዲድ የተከለከለበት ወደብ ግን ለማንቸስተር ነጋዴም ለኒውካስል ሠራተኛም ወዲያው የሚገባ ነገር ነው። የኢትዮጵያ መንግሥትም ዕቅዱን አልተቀበለም።

ታኅሣሥ 9 ቀን ሰር ሳሙኤል ሆር ሥልጣናቸውን ለቅቀው እንደ ተራ እንደራሴ ለመናገር ተነሡ። በስዊዘርላንድ በበረዶ ላይ ሲንሸራተቱ ወድቀው አፍንጫቸው ተሰብሮ ስለ ነበር ፊታቸው ላይ ፕላስተር ተለጥፎ ይታይ ነበር። ንግግራቸውን በፍትሕ ለሚመለከተው ሰው፣ ከወር በፊት ከተሰጡት መልሶች ሁሉ ይልቅ እውነቱ ያለው በዚህ ውስጥ ነው። ነዳጅ ቢዘጋ ኢጣልያ እንደ ጦርነት ልትቈጥረው ትችላለች፤ ከእንግሊዝ በቀር ግን ከማኅበሩ አባሎች አንድ መርከብ፣ አንድ መኪና ወይም አንድ ሰው ያንቀሳቀሰ የለም አሉ። ይህ በቍጥር የሚመረመር አባባል ነው፤ ሐሰትም አልነበረም። ጥፋቱ ይህ ስሌት በመስከረምና በኅዳር ለጠያቂዎቹ አለመነገሩ ነው። በጄኔቭ የተገባው ቃል የሚሸከመው ጭነት አስቀድሞ ቢሰላ ኖሮ ወይ ቃሉ ባልተገባ፣ ወይ መርከቦቹ በተዘጋጁ ነበር። ተቃዋሚው አትሊ ያነሡት ክስም መንግሥት በምርጫው የተናገረውንና በፓሪስ የፈረመውን ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ነበር።

በሆር ቦታ አንቶኒ ኢደን ተተኩ፤ ጥያቄውም ከእርሳቸው ጋር ቀጠለ። በየካቲት 1928 ዓ.ም. አንድ የሮም ጋዜጣ የእንግሊዝ መንግሥት ምስጢራዊ ሪፖርት አሳተመ። በሰር ጆን ማፊ የሚመራ ኮሚቴ ባለፈው ሰኔ አጥንቶ፣ ከጣና ሐይቅና ከዓባይ ውኃ በቀር እንግሊዝ በኢትዮጵያ ለመከላከል የሚያስገድድ ዋና ጥቅም የላትም ብሎ ነበር። የለንደን እንደራሴዎች ይህን የሰሙት ከሚኒስትሮቻቸው አፍ ሳይሆን ከወራሪው ጋዜጣ ነው። በዚያው ወር የጄኔቭ ባለሙያዎች ስለ ነዳጅ ያዘጋጁት ስሌት ቀረበ፤ የተባበረችው አሜሪካ ሽያጯን ወደ ቀድሞው መጠን ከመለሰች ክልከላው ከሦስት እስከ ሦስት ወር ተኩል ባለ ጊዜ ውስጥ ይሠራል የሚል ነው። ከዓመታት በኋላ የሂትለር አስተርጓሚ የነበረው ፓውል ሽሚት በትዝታው እንደ ጻፈው፣ ሙሶሊኒ ነዳጅ ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ በሳምንት ውስጥ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ ለሂትለር አጫውቶታል። ከሁለቱ ግምት የትኛውም ትክክል ይሁን፣ ስሌቱ በእጅ እያለ ነዳጁ አልተዘጋም።

በበልጉ ወራት ጥያቄዎቹ ስለ መርዝ ጋዝ ሆኑ። ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ገባ። ሰኔ 3 ቀን የገንዘብ ሚኒስትሩ ኔቪል ቼምበርሊን ኢደንን ሳያማክሩ በአንድ የእራት ግብዣ ላይ ማዕቀቡን መቀጠል እብደት ነው አሉ፤ የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ በምክር ቤት ሳይሆን በማዕድ ላይ ተነገረ። ሰኔ 11 ቀን ኢደን በምክር ቤቱ ቆመው ማዕቀቡ የታሰበለትን ዓላማ ስላላስገኘ እንዲነሣ መንግሥት መወሰኑን አስታወቁ። መልሳቸው ግልጽ ነው፤ የሸሸጉት ነገር የለም። ከስድስት ወር በፊት በድብቅ ሊሰጥ የታሰበው አንድ ክፍል አገር ምክር ቤቱን አስቈጥቶ ሚኒስትር አወረደ፤ አሁን ግን አገሩ በሙሉ በይፋ ሲተው ድምፁ ተቈጥሮ መንግሥት አሸነፈ። አዛውንቱ ሎይድ ጆርጅ ብቻ የሚኒስትሮቹን ወንበር እያመለከቱ ፈሪዎች ብለው ጮኹ። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያን ቀን ለንደን ነበሩ፤ በጄኔቭ የሚያሰሙትን አቤቱታ ያዘጋጁ ነበር።

ሰር ሳሙኤል ሆርም በዚያን ጊዜ ከሥልጣን ውጭ አልነበሩም። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ግንቦት 28 ቀን፣ ወደ ካቢኔው ተመልሰው ነበር፤ የተሰጣቸውም ሥራ የባሕር ኃይል ሚኒስትርነት፣ የመርከቦቹ ኃላፊነት ነው።