የመምህር ጊዜና የሰሊጥ አዝመራ



ከገዳሪፍ ተነሥቶ ወደ ገላባትና ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ዶካ የምትባል ከተማ ትገኛለች። አገሩ በዝናብ የሚታረስ ጥቁር ዋልካ መሬት ሲሆን፣ ዋና ዋናዎቹ አዝመራዎች ማሽላና ሰሊጥ ናቸው። ሰሊጥ በደረሰ ጊዜ ካልታጨደ ፍሬውን የያዘው ቅርፊት ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፤ ከረገፈ በኋላ የቱንም ያህል ሠራተኛ ቢሰማራ ለቅሞ አይመልሰውም። ስለዚህ ለዚያ አገር ገበሬ ጊዜን መቆጠብ ማለት እያንዳንዱን ሥራ በወቅቱ መፈጸም ነው። የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ መምህርም ሥራ በዚሁ ሕግ የሚተዳደር ነው።

ነገሩን በቸልታ ለማየት የማያስችል ምክንያት በዚያው በዶካ አውራጃ ይታያል። ከከተማይቱ ብዙ የማይርቀው ኡም ራኩባ በ1977 ዓ.ም. የድርቅ ዘመን ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተጠለሉበት ስፍራ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ በተነሣው ጦርነት ምክንያት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች እንደገና ሰፈሩበት። ከነዚህም መካከል ዕድሜውን በማስተማር ያሳለፈ መምህርና ትምህርቱን ሳይፈጽም የተሰደደ ተማሪ ይገኙበታል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በፈነዳ ጊዜም በካርቱም የነበሩት ዩኒቨርሲቲዎች ሥራቸው ተቋረጠ፤ ብዙ ቤተሰብም ወደ ገዳሪፍ ሸሸ። ከትምህርት ተነጥሎ ዓመታት የቆየ ወጣት እንደገና ከመምህሩ ፊት በተቀመጠ ጊዜ፣ በከንቱ የምታልፈው እያንዳንዷ ሰዓት ከወጣቱ ዕድሜ ላይ የምትቀነስ ናት።

ታዲያ የመምህሩ ጊዜ ወዴት ይሄዳል? በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ተማሪዎቹ ጥቂቶች ስለ ነበሩ፣ መምህሩ እያንዳንዱን በመልኩና በስሙ ለማወቅ ይችል ነበር። ዛሬ በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ደርሷል፤ የተማሪውም ብዛት በዚያው ልክ አድጓል። የቀኑ ሰዓት ግን ያው 24 ነው። ስለዚህ ሥራው የሚካሄድበት ዘዴ ካልታረመ ድካሙ መምህሩን ያሸንፈዋል።

ከሁሉ አስቀድሞ መታረም የሚገባው ፈተና የማረሙ ሥራ ነው። ለምሳሌ 80 ተማሪዎች ያሉት መምህር ለእያንዳንዱ ወረቀት 10 ደቂቃ ቢሰጥ 800 ደቂቃ፣ ይኸውም ከ13 ሰዓት በላይ ይወስድበታል። ነገር ግን ጥያቄውን ባወጣበት ዕለት የሚጠብቀውን መልስና የነጥቡን አከፋፈል ጽፎ ቢያስቀምጥ፣ ከዚያም የአንደኛውን ጥያቄ መልስ በሁሉም ወረቀት ላይ ጨርሶ ወደ ሁለተኛው ቢያልፍ፣ አሳቡ ስለማይበተን እጁ ይፈጥናል፤ ፍርዱም ይስተካከላል። ብዙዎች የሚደጋግሙትን ስሕተት በየወረቀቱ ከመጻፍ ይልቅ ቁጥር ሰጥቶ በክፍል ውስጥ አንድ ጊዜ ማብራራት ይበቃል። በዚህ ዘዴ ወረቀቱ በ6 ደቂቃ ቢያልቅ ከ5 ሰዓት በላይ ይተርፋል። ወረቀቱም በሳምንቱ ከተመለሰ ተማሪው ስሕተቱን ሳይለምደው ያርመዋል፤ ከወር በኋላ የተመለሰ ወረቀት ግን እንደ ረገፈ ሰሊጥ ነው።

ሁለተኛው ዘዴ ተማሪው ሊሠራው የሚችለውን ለተማሪው መተው ነው። ይህ ከውጭ የመጣ ጥበብ አይደለም። በቅኔ ቤት የበሰለው ደቀ መዝሙር ጀማሪውን ግስ ያስጠናዋል፤ የኔታም ጊዜያቸውን ለከበደው ምሥጢር ያውሉታል። የሚያስጠናውም በማስጠናቱ ዕውቀቱን ያጸናል። በዩኒቨርሲቲም ተማሪዎች አምስት አምስት ሆነው ጥያቄያቸውን በመጀመሪያ እርስ በርሳቸው ቢመረምሩ፣ ወደ መምህሩ የሚደርሰው በእውነት የከበደው ጥያቄ ብቻ ይሆናል። ለዚህም በሳምንት ሁለት የታወቁ የማማከሪያ ሰዓቶች ቢወሰኑ የቀረው ጊዜ ለዝግጅትና ለምርምር ይተርፋል።

ሦስተኛው መምህራን ሥራቸውን መካፈላቸው ነው። ከዶካ ተነሥቶ በመተማ በኩል የሚጓዝ ሰው የሚደርስባት ጎንደር ለዚህ ምሳሌ ትሆናለች። በ1947 ዓ.ም. በዚያ የተቋቋመው የሕዝብ ጤና ጥበቃ ኮሌጅ የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የሳኒቴሽን ሠራተኞችን በአንድነት እንደ ቡድን ያሠለጥን ነበር፤ እንዲህም ሆኖ አንዱ የጤና ጣቢያ ለሦስቱም ሙያዎች መማሪያ ይሆን ነበር። አንድ ዓይነት ትምህርት የሚሰጡ መምህራንም ጥያቄዎቻቸውንና ማስታወሻዎቻቸውን በአንድ መዝገብ ቢያኖሩ፣ አንዱ የደከመበትን ሌላው ከሥሩ ለመጀመር አይገደድም። በስደት ላይ ላለ መምህርም ይህ ታላቅ ረዳት ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱን ጥሎ የመጣ ሰው ከባልደረባው ማስታወሻ በቀር ሌላ መጽሐፍ ላይኖረው ይችላልና።

ሆኖም ቁጠባ የሚመስል ብክነት መኖሩን ማስተዋል ያስፈልጋል። ያለፈውን ዓመት ፈተና ሳይለውጡ መስጠት፣ ያረጀ ማስታወሻ በቃል ማጻፍ፣ ወረቀት ሳያነቡ ነጥብ ማደል፤ እነዚህ ሁሉ የመምህሩን ሰዓት ያተርፉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን የተማሪውን ዓመት ይበላሉ። የሚቆጠበው ጊዜ ለማን እንደሚውል ሁልጊዜ መጠየቅ ይገባል።

እንግዲህ መምህር የተረፈውን ሰዓት ከፊሉን ለንባብ፣ ከፊሉን ለዕረፍትና ለቤተ ሰቡ፣ ከፊሉንም ወደ ኋላ ለቀረው ተማሪ ቢያውለው ድካሙ ፍሬ ያፈራል። የዶካ ገበሬ በአጨዳ ሰሞን ማጭዱን የሚስለው ከዋዜማው ነው። መምህርም የነገውን ሥራ ዛሬ ማታ ያሰናዳ እንደ ሆነ፣ ነገ የሚያገኘው ተማሪ ያለፈበትን ዘመን ለመካስ የሚበቃ ሰዓት ያገኛል።