የሚወጣውን ማን ይጠይቀዋል?

የዋግ አባቶችና እናቶች፤ አክራሪ ቡድን ሥልጣን የሚይዘው በጠመንጃ ብቻ ነውን? አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ወሎ ሲራብ (ዋግም ያኔ የወሎ አውራጃ ነበር) መንግሥት ረኃቡን ሸሸገ። ሕዝብ ተቆጣ። የወታደሮቹ ኮሚቴ፣ ደርግ፣ በቁጣው ተጠቀመ። የረኃብተኛውንና የቤተ መንግሥቱን ድግስ አጣምሮ በቴሌቪዥን አሳየ፤ በማግስቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሡን አወረደ። ብዙ ሰው ደስ አለው። ደርግ ግን ያንኑ ቀን ፓርላማውን ዘጋ፣ ሕገ መንግሥቱን አገደ። ታዲያ ማን ይጠይቀው? ኅዳር 14 ቀን ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. ደርግ ፓርቲውን ኢሠፓን መሥርቶ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር፣ ወሎ እንደገና ይራብ ነበር፤ እርሱም ረኃቡን ሸሸገ። እንግዲህ «ይውረድ!» ስንል፣ «የሚወጣውንስ ማን ይጠይቀዋል?» እንበል።