አባ ነፍሶ፦ በፈረሱ ስም የሚጠራው አርበኛ

(ቂሊንጦ ላይ ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር በነበረን የውይይት ጊዜ የቀረበ ንግግር)

 

በቅርቡ አንድ ልጅ «ባልቻ ሆስፒታል የተሰየመው በዶክተሩ ስም ነው አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። አልሳቅሁበትም። ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ ያልነገርነው እኛ ነን። ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ ሐኪም አልነበሩም። ፈረሰኛ ነበሩ፣ መድፈኛ ነበሩ፣ አገረ ገዥ ነበሩ፣ በመጨረሻም ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ጠመንጃ ይዘው የወደቁ አርበኛ ናቸው።

እስቲ ከፈረሱ ልጀምር። እዚህ ቂሊንጦ ፈረስ ሲባል ትዝ የሚላችሁ ጋሪ ነው፤ አሸዋና ብሎኬት የሚጎትት፣ ጎኑ የተላጠ ምስኪን እንስሳ። ያኔ ግን ሰው የሚጠራው በፈረሱ ነበር። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ። ራስ መኰንን አባ ቃኘው ነበሩ፤ በ1943 ኮርያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ ስሙን ያገኘው ከሳቸው ፈረስ ነው። አስቡት፣ ያ ስም ባሕር ተሻግሮ ኮርያ ድረስ ዘምቷል። ባልቻ ደግሞ አባ ነፍሶ።

ይሄ ቁልምጫ እንዳይመስላችሁ። ስሙ የሚወጣው ሰውየው በፈረስ ላይ ሆኖ ሲታይ ነው። መታያው አንዱ ጉግስ ነው። ጉግስ ያላያችሁ ካላችሁ፦ ሁለት ወገን ፈረሰኛ ይሰለፋል፣ አንዱ እየጋለበ ይሸሻል፣ ሌላው እየጋለበ ያባርራል፣ ዘንግ ይወረወራል፣ የሚሸሸው ልጓሙን ሳይለቅ ዞር ብሎ በጋሻው ይመክታል። የሳተ ጀርባውን ይመታል፣ ሚዛኑን ያጣ መሬት ላይ ይገኛል፣ ሰዉም ይስቅበታል። በገናና በጥምቀት ጃንሜዳ ላይ ጨዋታ ነው ተብሎ የሚታየው ነገር በእውነቱ የጦር ልምምድ ነበር። ዛሬ ይህን በደንብ ማየት የሚፈልግ ጥር 23 እንጅባራ ይሂድ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 የተመሠረተው የዓድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ነው። ለሰው ብቻ ሳይሆን ለፈረስም መታሰቢያ ያደረገ ሕዝብ እንዳለን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ወደ ባልቻ ልመለስ። ታሪካቸው የሚጀምረው በክብር አይደለም፤ ይህን ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን። ከአገምጃ ከኦሮሞ ቤተሰብ የተወለዱ ናቸው። ገና ልጅ ሳሉ የምኒልክ ሠራዊት በዘመተበት ውጊያ ማግስት ቆስለው፣ ተሰልበው ከጦር ሜዳ የተነሡ ልጅ ናቸው። በዚያ ሠራዊት እጅ ወደ ሸዋ ተወሰዱ፣ በቤተ መንግሥት አደጉ። በጅሮንድ ሆኑ፤ ማለት የንጉሡን ግምጃ ቤት የሚጠብቅ ሰው። ዓድዋ ሲመጣ ደግሞ መድፉን ይዘው ዘመቱ። የካቲት 23 ቀን 1888 የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ልተወው። ሕዝቡ ስማቸውን ከጀግናው ከፊታውራሪ ገበየሁ ጋር አጣምሮ እስከዛሬ ያነሣዋል፣ ይበቃል።

ከዚያ በኋላ ሲዳሞን ገዙ፣ ሐረርን ገዙ፣ እንደገና ሲዳሞን ገዙ። እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር፤ ከመካከላችሁ ከደቡብ የመጣችሁ ትኖራላችሁ። የገባር ሥርዓት በደቡብ ገበሬ ላይ የጫነው ቀንበር ከባድ ነበር፤ ባልቻም የዚያ ሥርዓት ገዥ ነበሩ። አያቱ ገባር የነበረ ሰው ስማቸውን ሲሰማ የሚሰማው ነገር እኔ ከሚሰማኝ ቢለይ መብቱ ነው። ጀግና እወዳለሁ ብሎ ግማሹን ታሪክ መደበቅ እኔ አልችልበትም።

አሁን ወደዚህ ወደኛ አካባቢ እንምጣ። ነፋስ ስልክን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ታክሲ የምትቀይሩበት ነው። የካቲት 1920 ባልቻ ከሲዳሞ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሠራዊት አስከትለው መጥተው የሰፈሩት እዚያ ነው። ለንግሥት ዘውዲቱ ታማኝ ነበሩ፤ የአልጋ ወራሹ የተፈሪ ሥልጣን እያደገ መምጣቱ አልዋጠላቸውም። ተፈሪ ግን አልተዋጓቸውም። ግብር ጠሯቸው። ባልቻ ተጠራጥረው የታጠቁ ዘቦቻቸውን ይዘው ገቡ፣ ተበላ፣ ተጠጣ። እሳቸው ግብር ላይ ሳሉ ነፋስ ስልክ ሰፈር ሌላ ሥራ ተሠራ፦ ለወታደሩ ገንዘብ ተሰጠው፣ ወደየቤትህ ሂድ ተባለ። ባልቻ ሲመለሱ ሠራዊቱ የለም! አንድ ጥይት ሳይተኮስ። የሲዳሞም ሹመት ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ቆያቸው።

እስቲ ራሳችሁን በሳቸው ቦታ አስቀምጡ። ዕድሜ ስድሳ አምስት ገደማ፣ የዓድዋ ዘማች፣ በገዛ ወታደሮቻችሁ ተሸጣችሁ፣ በአንድ ምሳ ተሸነፋችሁ። እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም። ባልቻ ሹመታቸውን አጥተው ከቤተ መንግሥቱ ነገር ወጡ፣ ወደ ገዳም ሕይወት ዘወር አሉ።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ግን ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። በ1928 ጣልያን ሲመጣ ያ ያዋረዳቸው አልጋ ወራሽ ንጉሠ ነገሥት ሆኗል፤ በፈረስ ስሙ አባ ጠቅል። ንጉሠ ነገሥቱ ተሰደዱ፣ አዲስ አበባ ተያዘች። ባልቻ ቂም መያዝ ይችሉ ነበር። «የሱ ጦርነት ነው፣ እኔን ምን አገባኝ» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ለጣልያን ለመግባት ደግሞ ከሳቸው የተሻለ ሰበብ ያለው ሰው አልነበረም። ከንጉሡ የተጣላን መኳንንት ጣልያን በደስታ ነበር የሚቀበለው፤ የገቡለትም ነበሩ።

እሳቸው ጠመንጃቸውን አነሡ። በንጉሡና በአገሩ መካከል ያለውን ልዩነት ማንም ቁጭ ብሎ አላስተማራቸውም፤ እሳቸው ግን ለዩት። በ1929 መጀመሪያ በጉራጌ ምድር፣ ሰባ ዓመት አልፏቸው፣ ጣልያን ከበባቸው። የሚተረከው እንዲህ ነው፦ ትጥቅህን አስረክብ ብለው ሲቀርቧቸው እጅ የሚሰጡ መስለው አስጠጓቸውና ተኮሱባቸው፤ እዚያው ተዋግተው ወደቁ። ዝርዝሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ ይለያያል፣ እጅ አለመስጠታቸው ላይ ግን ክርክር የለም።

በልጅነታቸው ከጦር ሜዳ በሰው እጅ ተነሥተው ነበር። በእርጅናቸው ወደ ጦር ሜዳ የሄዱት በገዛ እግራቸው ነው።

በሉ፣ እኔ ብዙ አወራሁ። ያ ከኋላ በሩ ጋ የተቀመጠው ወንድማችን ገና ስለ ሲዳሞ ሳወራ ጀምሮ እጁን አውጥቷል፣ አይቼዋለሁ። ማይኩን አቀብሉት።