ደለል ለውሃ ስለሚሰጠው ምግብ



«ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ለግንዱ ማደሪያ ባይኖረው፥ ለአፈሩ ግን አለው። ዛሬ ልናገር ያሰብሁት ስለዚሁ ማደሪያ ነው።

ዓባይ በክረምት ከደጋችን ጠርጎ የሚወስደው አፈር በቀድሞ ዘመን ግብጽ ደርሶ፥ ከፊሉ በእርሻው ላይ ሲቀር፥ ከፊሉ በራሺድና በድምያጥ በኩል ወደ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይወርድ ነበር። ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ስፍራ ጣፋጩ ውሃ ከጨዋማው ይደባለቃል፤ ሩጫውም ስለሚደክም ጭቃው ወደ ታች ይዘቅጣል። የዘቀጠው ጭቃ ደለል ይባላል።

ደለል እንደ ጎተራ ነው፤ ያስገባል፥ ያወጣል። እህልን የሚያለመልመው ፎስፎረስ የሚባለው ነገር በአፈሩ ውስጥ ካለው የብረት ዝገት ጋር ተጣብቆ ይመጣል። በጭቃው ላይ ያለው ውሃ ኦክሲጅን ሲኖረው፥ ዝገቱ ፎስፎረሱን አጥብቆ ይይዛል። ነገር ግን የሞቱ ዕፀዋትና እንስሳት በጭቃው ውስጥ ሲበሰብሱ ኦክሲጅኑ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ዝገቱ ይሟሟል፥ ፎስፎረሱም ተፈትቶ ወደ ላይኛው ውሃ ይወጣል። ናይትሮጅን የሚባለውንም በጭቃ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ከፊሉን ለውሃው ይመልሱታል፥ ከፊሉን ወደ አየር ለውጠው ያስወጡታል። ከዚህ ምግብ በዓይን የማይታዩ የውሃ ዕፀዋት ይበቅላሉ፤ እነርሱን ደቃቅ እንስሳት፥ እነዚያንም ዓሣ ይመገባቸዋል።

ለዚህ ነገር ምስክር አለ። በግብጽ ባሕር ዳርቻ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. 18000 ቶን ያህል ሰርዲን የሚባል ዓሣ ተጠምዶ ነበር። በ1964 ዓ.ም. የአስዋን ታላቅ ግድብ ጎርፉን ማገድ ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታትም ውስጥ ዓሣው ከ1000 ቶን በታች ወረደ። አጥማጆቹ መረባቸውን ባዶ ሳቡ። ኋላ ግን ከ1980 ዓ.ም. ወዲህ ከእርሻ ማዳበሪያና ከከተማ ፍሳሽ በሚወርደው ምግብ ዓሣው ተመልሶ በዛ።

ይሁን እንጂ ምግብ ከልክ ሲያልፍ ጥፋት ነው። ዕፀዋቱ ያለ መጠን በዝተው ሲበሰብሱ ኦክሲጅኑን ይጨርሳሉ፤ ዓሣውም ታፍኖ ይሞታል። ያን ጊዜ ደለሉ የያዘውን ፎስፎረስ ስለሚለቅ፥ በክፉው ላይ ሌላ ክፉ ይጨመራል። ማነሱ ረኃብ፥ መብዛቱም መታፈን ነው።

ዛሬ ከማሳችን የሚታጠበው አፈር አብዛኛው ከግድብ ኋላ ይቀራል። ለባሕሩ ዓሣ አይደርስ፥ ለእኛ እህል አይሆን፤ የሚተርፈው የግድቡን ውሃ ስፍራ ማጥበብ ብቻ ነው። እንግዲህ በእርከንና በዛፍ አፈራችንን በቦታው እንያዝ።

እናንተም መምህራን፥ ዝናብ በዘነበ ማግሥት ከወንዝ ደፍራሽ ውሃ በብርጭቆ ቀድታችሁ አሳድሩ። በነጋ ጊዜ ከሥሩ የዘቀጠውን ለልጆቹ እያሳያችሁ፥ «ይህ የማን ማሳ ነበር?» ብላችሁ ጠይቋቸው።