አዲስ የውኃ ማጣሪያ እንደ ሊጥ ጊዜ ይሻል



በክረምት ጎርፍ የሰውንና የከብትን ዓይነ ምድር ጠርጎ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ ያወርዳል። ያን ውኃ የጠጣ ሕፃን በተቅማጥ ይያዛል፤ ሰውነቱም ደርቆ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የአሸዋ ማጣሪያ በቤት መትከል መልካም ነው።

ማጣሪያው በተተከለ ዕለት ግን «ውኃው ጠራ እኮ፤ ምን ይሆናል?» ትሉ ይሆናል። እኛ ገና ነው እንላለን። አሸዋው ጉድፉን ቢይዝም፣ የበሽታ ተሐዋስያንን በደንብ የሚያጠፋው በአሸዋው ገጽ ላይ ቀስ በቀስ የሚበቅለው ስስ ልባስ ነው። በዚያ የሚኖሩ ጠቃሚ ረቂቅ ነፍሳት ጎጂዎቹን ይበላሉ። ሊጥ ሳይቦካ እንጀራ እንደማይጋገር ሁሉ፣ ይህም ልባስ እስኪጠና እስከ 30 ቀን ይፈጃል።

እስከዚያው እንዲህ አድርጉ፦

1ኛ/ ድፍርስ ውኃ አስቀድሞ በእንስራ ይጥለል።

2ኛ/ በየቀኑ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ውኃ አፍስሱበት።

3ኛ/ አሸዋው ከቶ አይድረቅ፤ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ከላዩ ይቁም።

4ኛ/ ክሎሪን የገባበት ውኃ አታፍስሱበት፤ ጠቃሚዎቹን ይገድላል።

5ኛ/ የወረደውን ውኃ አፍልታችሁ፣ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ አቀዝቅዛችሁ ጠጡ።

ልባሱ ከጠናም በኋላ ማጣሪያው ሁሉንም ተሐዋስያን አያስቀርም። ስለዚህ የሕፃናቱን ውኃ ማፍላት አይቅር።

እናቶች ሆይ፣ አንድ ወር መታገሥ ልጅ ከማስታመም ይቀላል።